ዘይቱን አቀብለኝ

ሜኮንግ ባሕሩን ሊነካ፣ ዘጠኝ ጣት ሆኖ ሲዘረጋ፣
በአንደኛው ጣት ጥፍር ሥር፣ ደለል ከጨው ሲጠጋጋ፣
ኪየም መንደሪን ነበረው፣ ሰባ ሦስት እግር ተቆጥሮ፣
በቦይና በቦይ መካከል፣ እጁ በቆለለው ጓሮ።

አፍንጫው ግን ሞቷል።
ድሮ አንድ ትኩሳት ይዞት፣ ሽታን ነቅሎ ሄዶበታል፤
ዓሣ ቢበሰብስ ደጁ፣ አበባ ቢፈነዳ፣
ለእሱ ሁሉም አንድ አየር፣ ሁሉም አንድ ባዶ ጓዳ።

የጥጓ ዛፍ ከረመችና፣ ቅጠሏ ተዥጎረጎረ፤
ፍሬዋ በአንድ ጎን አብጦ፣ ግማሹ ጥሬ ቀረ።
ሚስቱ ሉዋ ናት የተከለቻት፣ ከመሞቷ አስቀድሞ፤
«ትድናለች» ይላል ኪየም፣ መጋዙን ግንዷ ሥር አጋድሞ።

ልጁ ኛን ከካን ቶ መጣች፣ ፌስታልና ብልቃጥ ይዛ፤
ቅርንጫፉን ሸፍና አሰረች፣ ትንፋሹን በቱቦ መዛ።
አባት ሳቀ። «ዛፍም እንደ ሰው፣ አክታ ስጥ ይባላል?»
ኛን አልሳቀችም።
ሳምንት ቆይታ ደወለች፦

«አባዬ፣ አረንጓዴዋ ብልቃጥ አለች አይደል፣ መደርደሪያው ላይ?
እማዬ ጉልበቷን የምታሽባት፣ በዚያ በመጨረሻው ስቃይ?
ዛፏ ያንኑ ነው የምትተነፍሰው።
በጣም የሳሳ ስለሆነ፣ የሰው አፍንጫ አይደርሰውም፤
ያቺ ግን ታውቀዋለች።»

ያቺ፦ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ፣ ቂጧን ቀስራ የምትጠጣ፣
የሕመም ሽታ ጠርቷት፣ ጠያቂ መስላ ስትመጣ፣
ጭማቂው ቀጥኖ ይጠብቃታል። ለዛ የለው፣ ስኳር የለው።
ትቆይ ይሆን?
የት ቆይታ! «እግዜር ይማርሽ» ብላ፣ ብር ትላለች ወደ ጎረቤት፣
ምራቋ ውስጥ ያለውን፣ ልታወርስ ለጤነኛ ቤት።

እኛ ዘንድ ተረት አለ፣ ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚል።
ለመንደሪን አይሆንም። እሷ ሕመሟን ስትገልጥ፣ ጎረቤት ነው የሚቃጠል።
ደግሞስ እሷ ናት የምትጣራው፣
ወይስ ውስጧ የገባው ተውሳክ ነው፣ በእሷ አንደበት የሚያወራው?
ኛን አታውቅም። እኔም አላውቅም።
እኔ የማውቀው ፊደሌን ነው፤
«በሽታ» ብዬ ስጽፍ፣ ሽ ስትጠብቅ ሕመም ነው፣
ታ ስትጠብቅ መዓዛ፤
በሽታ በሽታ ትጓዛለች፣ አንዷ አንዷን በጀርባ ይዛ።

ኪየም ሦስት ቀን አልተነፈሰም።
በአራተኛው ብልቃጧን ከፍቶ፣ አፍንጫው ሥር አስጠጋት፤ ምንም።
መዳፉ ላይ ጠብ አደረጋት፤ ቅዝቃዜዋ ብቻ። ሽታ የለም።
ያኔ ነው ድምጿ የመጣው፣ የሉዋ፣ የዚያን ሌሊት፣ በጨለማ፦
«ዘይቱን አቀብለኝ።»
ተነሣ። እስከ ቀትር ድረስ፣ መጋዙ ሲያፏጭ ተሰማ።

ከቦዩ ማዶ ኡት አለ፣ መንደር ሙሉ የሳቀበት፣
በብርቱካኖቹ መሐል፣ ዘይቱን የሰገሰገ ዕለት፤
«ብርቱካኑ እስኪደርስ ለሳንቲም ነው» ይላል፣ ሌላ ምሥጢር የለበት።
ኛን ሁለቱም ጓሮ ሰቅላ የነበረው፣ የሚያጣብቅ ቢጫ ካርድ ግን
እዚህ አርባ አንድ ያዘ፣
እዚያ ስድስት።
የዘይቱን ቅጠል ሽታ፣ ጥሪውን ሳይውጠው አልቀረም።
«ሁልጊዜ አይሠራም» አለች፣ «እባክህ፣ ተስፋህን ሁሉ እንዳትጥልበት።»

ኪየም በቀርከሃው ድልድይ፣ ብልቃጧን በኪሱ እንደያዘ፣
ተሻገረና ከኡት ደጅ፣ እንዳፈረ ቆሞ ፈዘዘ።
የጠየቀው እኔ ጋ ሲደርስ፣ ሁለቱ ነገር አንድ ነው ቃሉ፤
በቬትናምኛ ለየብቻ ናቸው፣ በአማርኛ ይገጥማሉ፤
አንዱ ለጉልበት የሚታሽ፣ አንዱ ለጓሮ የሚተከል፦
«ዘይቱን አቀብለኝ» አለው።
ኡት የገባው ችግኙ ነው። ችግኙን አቀበለው።